ስድስቱ የብሎን ቀዳዳዎች

ውድ አባዬ፣

ስልኬን አላነሳ ስትል ወረቀት አነሳሁ። ወንድሜ "ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ አይናገርም እንጂ ደህና ነው" ይለኛል። አንተ ሳትናገር ደህና የሆንክበትን ቀን ስለማላውቅ አላመንኩትም። ደብዳቤ ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ሳታነበው እንደማትቀር አውቃለሁ። የሳሙና መጠቅለያ ሳያነብ የማይጥል ሰው የልጁን ጽሑፍ አይጥልም።

የምጽፍልህ ለሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ይቅርታ፣ አንዱ ልመና። ልመናው ቀጠሮ አለው፤ ከዛሬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስብሰባ አለ። ይቅርታው ግን ከሄድክበት ቀን ጀምሮ ስለዘገየ እሱን ላስቀድም።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሆነውን አንተም እኔም አንረሳውም። ከመሥሪያ ቤት ተልኬ የመጣሁ ቀያሽ ሆኜ ሰው ፊት ቆምኩ። የደሴታችን ምሥራቅ ዳርቻ መዝገቡ ከሚለው በሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ተናገርኩ። አንዷ ሴት "ታዲያ በየሳምንቱ ሲነገረን የኖረው ቁጥር ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። እኔም "መዝጋቢው መለኪያውን ከቦታው ሲያነሳው ኖሯል፤ የመዝጋቢው ቁጥር አይታመንም" አልኩ። አባቴ አላልኩም። መዝጋቢው አልኩ። አንተ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮፍያህን ጭንህ ላይ አድርገህ ተቀምጠህ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ተነስቶ "ሁለት ጊዜ ምድጃ ሠራሁ እኮ ጋሼ! ሁለት ጊዜ! 'ተው፣ እዚያ አትሥራ' ማለት ምን ይከብዳል?" ሲልህ ኮፍያህን አጥልቀህ ወጣህ፤ በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያቺን ቃሌን ልመልስ አርባ አንድ ቀን ሙሉ ባስብ ባሰላስል መንገድ አጣሁላት።

ያን ቀን ለሰዉ ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ለአንተም። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ፤ አንተም ነገር ከመሃል ሲጀመር አትወድም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ጀልባ መድረኩ ጫፍ ሄደህ፣ ምሰሶው ላይ በብሎን ከታሰረው ሰሌዳ የባሕሩን ከፍታ አንብበሃል። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ እርሳስህን የመያዝ ሹመት ሰጠኸኝ። "ሞገዱ ሲወጣ አንድ ያዢ፣ ሲወርድ አንድ ያዢ፣ መሃሉን ጻፊ፤ ባሕርን አንዴ አይተሽ አትፍረጂበት" ትለኝ ነበር። ሰፈሩ ጋሼ ሜትሩ ብሎ የሰየመህ ያለ ነገር አይደለም። እማዬ የመጋረጃ ጨርቅ ግዛ ብላ ብትልክህ "የባለሱቁ ሜትር ሁለት ሳንቲ ይጎድለዋል" ብለህ ባዶ እጅህን ተመለስክ፤ እኛም ያን ዓመት ያለ መጋረጃ ከረምን። እማዬ "ሐቀኛ ባል አግብቼ ጎረቤት ሁሉ አየኝ" እያለች ስንት ዘመን ሳቀችብህ። እንዲህ ካለ ቤት ቀያሽ ባይወጣ ነበር የሚገርመው።

ከሦስት ዓመት በፊት መሬቱ ሲናወጥ እኔ ከተማ ነበርኩ። ከመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ጋር ስደርስ ደሴታችን አንድ እግሩ እንደተሰበረ ጠረጴዛ ተንጋዳ ጠበቀችኝ። የምዕራቡ ዳርቻ ከሰው ወገብ በላይ ከባሕር ወጥቷል፤ ዛጎሉና የባሕር ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ነጥቶ ይሸታል። ልጅ ሆኜ በጀልባ ትወስደኝ የነበረችው የወፎቹ ደሴት ከእኛ ጋር ገጥማ በእግር ይኬድባታል። በእኛ በምሥራቁ በኩል ደግሞ መሬቱ በአንዴ አርባ ሳንቲ ሜትር ሰምጦ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ደጃፍ ውሃ ሆኗል። ይህ አልበቃ ብሎ መላው ደሴት ሁለት ሜትር ወደ ምዕራብ ሄዷል። ይህን በዚያው ሰሞን በአዳራሹ ለሰዉ ስናገር ዳቦ ጋጋሪው "ጎረቤቴም አብሮኝ መጥቷል ማለት ነው? አይ ዕድሌ!" ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ለሰዉ እንዳስረዳሁት፣ ከባሕሩ በታች ያለው መሬት በእኛ መሬት ሥር እየገባ የእኛን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ያብጣል። ይህ መቶ፣ ሁለት መቶ ዓመት ይጠራቀማል። የያዘው ሲለቀው የተጎተተው ጫፍ ይነሳል፣ ያበጠው ይወርዳል። ወዲያው አርፎም አይተኛም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ማንም ሳይሰማው ቀስ እያለ ይወርዳል። የእኛ ወገን ይቀጥል ይሆን ወይስ አብቅቷል? ያን በየቀኑ የሚነግረን የአንተ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሰዉ ቤቱን እዚያው ይጠግን ወይስ ወደ ኮረብታው ይውጣ የሚለው ጉዳይ አንተ ጠዋት በምትጽፋት ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ።

ቁጥርህ በየሳምንቱ ቢሮዬ ይደርሰኝ ነበር። ከወር ወር ንቅንቅ አይልም። አንድ ዓመት ሲሞላ "መሬቱ ረግቷል፣ ቤት መጠገን ይቻላል" የሚለውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማው የእኔ ነው፣ አባዬ። አለቃዬ "የሳተላይቱን መሣሪያ ወስደሽ አንዴ አመሳክሪው እንጂ" ብሎኝ ነበር። "አባቴ እያለ መሣሪያ ምን ያደርጋል?" ብዬ ሳቅኩበት። ሥራዬ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ መለካት ሆኖ ሳለ አንተን አንድም ጊዜ አልለካሁም። ሰዉ በእኔ ፊርማ ግድግዳውን አቆመ፤ ዳቦ ጋጋሪው በእኔ ፊርማ ምድጃውን ሠራ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ባለፈው የሙላት ወቅት ባሕሩ አሥራ ዘጠኝ ቤት ገባ። ያኔ መሣሪያውን ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ፤ ሰሌዳው ከቦታው መነሳቱን አየሁ፤ ስብሰባ ጠራሁ። እዚያ ቆሜ ስለ ፊርማዬ ትንፍሽ ሳልል ጣቴን ወደ አንተ ቀሰርኩ። ራሴን ላተርፍ አንተን ጣልኩህ። ይቅርታ የምጠይቅህ ለዚህ ነው። መለኪያውን ማንሳትህ ጥፋት ነው፤ ጥፋት አይደለም ብዬ አላባብልህም። ግን ብቻህን ያጠፋኸው አልነበረም፤ እኔ ግን ብቻህን አስቆምኩህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ እዚሁ ቀረሁ። የምተኛው እማዬ በተኛችበት ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ባሕሩ በጣም በሸሸበት ቀን ባልዲና መፋቂያ ይዤ ወደ ምሰሶህ ወረድኩ። ከሰሌዳው በታች የተጣበቀውን ዛጎል ስፍቀው የድሮ ብሎን ቀዳዳ አገኘሁ። ፋቅሁ፣ ሌላ ተገኘ። በድምሩ ስድስት ጥንድ። እያንዳንዱ በእንጨት ተወትፎ በሬንጅ ተደፍኗል፤ ሁሉም ቀጥ ብለው በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ይገርምሃል፣ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሜ ሳቄ መጣ። ሲያጭበረብር እንኳ በቱንቢ የሚያጭበረብር ሰው ካንተ ሌላ አላውቅም።

ርቀታቸውን ለካሁ። አሥራ አንድ፣ ሰባት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ አንድ ሳንቲ ሜትር። ድምሩ ሠላሳ አንድ። መሬቱ በወረደ ቁጥር ሰሌዳውን በዚያው ልክ ከፍ እያደረግህ ባሕሩን ወደ ድሮ ቁጥሩ መልሰኸዋል። ግን ለምን? ምን ልታተርፍ? በሱቅ ሜትር ሁለት ሳንቲ የማይታገስ ሰው በባሕር ላይ ሠላሳ አንድ እንዴት ቻለ? ይህ አልገባ አለኝ።

ዛጎሉ መዳፌን ቆርጦኝ ስለነበር ወደ ጤና ረዳቷ ሄድኩ፤ እማዬን እስከ መጨረሻው ስታስታምማት የነበረችው።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አለችኝ።

"የአባቴን ቀዳዳዎች ስፈልግ።"

ቁስሌን መጥረጓን አቆመች። "አገኘሻቸው እንግዲህ።"

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"ያወቁትስ እናትሽ ናቸው። እኔ ከሳቸው ነው የሰማሁት።"

የነገረችኝን ልጻፍልህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ግማሹን ግን አታውቀውም።

የምታውቀው ይህን ነው። በመንቀጥቀጡ ቀን ግድግዳው ወርዶባት ጀርባዋ ከተሰበረ በኋላ እማዬ ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። ሃያ ወር። ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃት ውሃው ነበር፤ ተነስታ መሮጥ አትችልማ። ጠዋት ከመድረኩ ስትመለስ ገና በሩ ላይ ሳለህ "ስንት ነው?" ትልሃለች። ትነግራታለህ። "እኔን ያሳጣህ?" ትልሃለች። "አንቺን ያሳጣኝ!" ብለህ ትምልላታለህ። የመጀመሪያ ሰሞን መሐላህ እውነት ነበር። ከዚያ ባሕሩ ጨመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ቀነስ አድርጎ ነግሯት ነገሩ ያልቅ ነበር። አንተ ግን በእሷ ምለህ መዋሸት አልሆንልህ አለ። ስለዚህ መፍቻህን ይዘህ ወርደህ ሰሌዳውን አነሳህ፤ ከዚያ ሰሌዳው ያለውን አንብበህ መጥተህ ማልክላት። ለሚስትህ አንድ ለቢሮ ሌላ መጻፍም አልቻልክ፤ ያችኑ ቁጥር ለእኛ ላክህ። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ጥፋት የሚያጠፋ ጋሼ ሜትሩ ብቻ ነው።

ከዚያ እማዬ ሞተች። እሷ ካረፈች ወዲህ ሰሌዳውን እንዳልነካኸው መዝገቡ ራሱ ይናገራል፤ ሁለት ሳንቲ ሲጨምር እንዳለ ጽፈህ ላክህ፣ እኛ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠን "ነፋስ ነው" አልን። ማንም ባይነግረኝም አውቅሃለሁ፣ አባዬ። "ያሳጣኝ ብዬ ማልኩ፣ አሳጣኝ" ብለህ በራስህ ላይ ፈርደሃል። ዝም ያልከው ሰፈሩን አፍረህ ብቻ አይመስለኝም።

የማታውቀው ደግሞ ይህ ነው። እማዬ አውቃ ነበር።

አንድ ጠዋት አንተ ምለህላት ስትወጣ ጤና ረዳቷን ጠራቻትና "ውሃው ከወለሉ ሥር ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል፤ ቀርቧል" አለቻት። "ሰውዬው ደግሞ አይዋሽም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ዛሬም አልቀላም። እንግዲህ እንጨቱን አስዋሽቶታል ማለት ነው!" ብላ ጀርባዋን እስኪያማት ሳቀች።

ጤና ረዳቷ ደንግጣ "ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?" አለች።

"ለእኔ ብሎ ከባሕር ጋር የተጣላውን ሰው ላሳፍረው? ደሞስ ቁጥሩን ፈልጌ የምጠይቀው መሰለሽ? ጠዋት ጠዋት ይዞልኝ እየሮጠ ሲመጣ ደስ ስለሚለኝ ነው እንጂ!"

ይህን ስትነግረኝ ጤና ረዳቷም አለቀሰች። "እናትሽስ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሰዉ በዚያች ቁጥር ቤት እየሠራ መሆኑን በምን ያውቃሉ? እኔ ነኝ እያየሁ ዝም ያልኩት" አለችኝ። አየህ፣ ስንት ሆነን ነው ያጠፋነው። ስለ መሐላው ግን ልንገርህ፤ መሐላው አልያዘህም። የማለው ያውቃል፣ የተማለላት ታውቃለች፤ እንዲህ ያለውን መሐላ የሚቆጥርብህ ማንም የለም። እማዬ ባንተ አዝና አልሄደችም። እየሳቀችብህ ነው የሄደችው፤ ደስ ብሏት።

በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄጄ "ምድጃህን የበላው የእኔም ፊርማ ነው" አልኩት። ሊጡን ገለበጠና መታው። "እናንተ ቤት ተራ እየያዛችሁ ነው እንዴ የምታጠፉት?" አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ "ይልቅ ሽማግሌውን ጥሪያቸው። እዚህ ሆነው ልቆጣቸው፤ የሌለ ሰው ላይ መቆጣት አይመችም" አለ። ሁሉም እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽህም። ከታችኛው ረድፍ ሰላም የማይሉኝ አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ልመናዬ። ስብሰባው የሚወስነው ስለ መካከለኛው ረድፍ ነው። ሃያ ሰባት ቤት፤ አንዱ የእኛ ነው። መሬቱ ከረጋ ይቆያሉ፤ ካልረጋ የሚቀጥለው ሙላት ሳይደርስ ኮረብታው ላይ መውጣት አለባቸው። ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደሰመጥን ነግረውኛል፤ መቼ የሚለውን ግን አልነገሩኝም። ሰሌዳውን በየሦስት ወሩ ያነሳኸው ከሆነ መሬቱ እየደከመ መጥቷል፣ ሊቆም ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በአንድ ወር ውስጥ ያነሳሃቸው ከሆነ ግን ገና ነን። ከመዝገቡ እንዳላወጣው የየዕለቱ ሙላትና ሽሽት ሸፍኖታል። መሣሪያዬ ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ያለውን እንጂ ያለፈውን አያውቅም፤ እሱን ልጠብቅ ብል አንድ ዓመት ይፈጃል። አለቃዬ "አንዴ የተነካካ መዝገብ ነው፤ ሠላሳ አራቱንም ዓመት ጣይው" ይላል። ስድስት ቀኖች ካገኘሁ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ የዕድሜ ልክ ሥራህም ይተርፋል። ቀኖቹን አንተ ታውቃቸዋለህ። እኔ የተወለድኩበትን ሰዓት ከነደቂቃው የያዘ ሰው ብሎን የፈታበትን ቀን አይረሳም።

ምናልባት ቀኖቹ በገዛ ቤታችን ላይ ይፈርዱ ይሆናል። እማዬ የተኛችበትን ክፍል ለባሕሩ ትተን እንወጣ ይሆናል። ይህን ሳስብ ደብዳቤውን ሁለት ቀን ሳልጀምረው ቆየሁ። ብትደብቀኝ እንደማልቀየምህ ልጽፍልህም አሰብኩ፤ ግን ውሸት ይሆናል፤ እቀየምሃለሁ። በእኔ በኩል በስብሰባው ላይ ቆሜ ፊርማው የእኔ እንደሆነ እናገራለሁ፤ ለአለቃዬም አስቀድሜ ጽፌለታለሁ። ከሥራ ቢያሰናብተኝ ያሰናብተኝ።

ቀኖቹን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፈህ ለወንድሜ ብትሰጠው ለስብሰባው ይበቃል። ለእኔ ግን አይበቃኝም። አንተው ራስህ ና። ናፍቀኸኛል፣ አባዬ። ቤቱ ውስጥ ሆኜ የማነበውን ሁሉ ጮክ ብዬ የማነብ ሆኛለሁ፤ የሚያርመኝ ግን የለም።

ጀልባው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ በሁለቱም ቀን መድረኩ ላይ አለሁ። ስትሄድ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁህ እንጂ ወርጄ አልሸኘሁህም፤ ስትመጣ ግን ከታች ታገኘኛለህ። አንድ ነገር ልብ በል። መድረኩ ከሰመጠ ወዲህ ጀልባው ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ስትሄድ መውጣቱን አይተኸዋል፤ መውረዱ ይብሳል። የድሮው እርምጃ አይደርስም፤ እግርህ ወለሉን ሲፈልግ ያጣዋል። ባለፈው ፖስተኛው ወድቆ ጉልበቱ ተላልጧል። እንዳትዘል። እንዳትቸኩል። ሁለቱንም እጆችህን ትከሻዬ ላይ ጣልና ክብደትህን በሙሉ ልቀቀው። እችልሃለሁ።

እየጠበቀችህ ያለች፣

ልጅህ